ሊፒድ ፕሮፋይል፦ «የልብ ምርመራ» ተብሎ የሚሸጠው ወረቀት ሲገመገም

በግል ላብራቶሪዎች ማስታወቂያ ላይ «የልብ ምርመራ» የሚባለው የደም ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ሊፒድ ፕሮፋይል ነው። አንድ ቱቦ ደም ይቀዳል፣ ወረቀቱ ላይ አራት ቁጥር ይወጣል፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል («ጥሩው» የሚባለው ኮሌስትሮል)፣ ኤልዲኤል («መጥፎው» የሚባለው) እና ትራይግሊሰራይድ (ሌላ የደም ስብ ዓይነት)። ስሙ ያሳስት እንጂ ልቡን ራሱን አይመረምርም፤ የሚለካው በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ስብ ነው። አሁን ደረቱን የሚያመው ሰው በዚህ ወረቀት ጊዜ ማጥፋት የለበትም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄዶ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይሠራለት።

ሕመም ለሌለበት፣ የወደፊት አደጋውን ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግን ገንዘቡ የሚገባው ምርመራ ነው፤ አራቱ ቁጥሮች አብረው ከተሠሩ። ዋጋ ለመቀነስ «ኮሌስትሮል ብቻ» ማሠራት አያዋጣም። ሁለት ውጤቶችን አስተያዩ፣ መለኪያው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። አንደኛው ጠቅላላ 210፣ ኤችዲኤል 38፣ ትራይግሊሰራይድ 240። ሁለተኛው ጠቅላላ 215፣ ኤችዲኤል 75፣ ትራይግሊሰራይድ 80። ጠቅላላውን ብቻ ያየ ሰው ሁለተኛው ይብሳል ይላል። ኤልዲኤሉን ያየ ደግሞ እኩል ናቸው ይላል፤ ሁለቱም 124 ነው። ሁለቱም ተሳስተዋል። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ቀንሱ፦ የመጀመሪያው 172፣ የሁለተኛው 140 ይመጣል። ይህ ኖን-ኤችዲኤል የሚባለው ቁጥር የደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ ሊጋገር የሚችለውን ኮሌስትሮል በሙሉ ይይዛል። ብዙ ጊዜ ከ130 በታች እንዲሆን ይፈለጋል። የሚገርመው፣ ወጪ የሌለው ይህ የመቀነስ ስሌት በብዙ ወረቀት ላይ አይታተምም። የዚህ አገልግሎት ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው።

ኤልዲኤልም ቢሆን ብዙ ጊዜ ተለክቶ ሳይሆን ተሰልቶ የሚጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የፍሪድዋልድ ቀመር ትራይግሊሰራይድን ለ5 ያካፍልና ውጤቱን ከኤችዲኤል ጋር ከጠቅላላው ላይ ይቀንሳል። ላይኛው ምሳሌ ላይ 240 ለ5 ሲካፈል 48፤ 210 ሲቀነስ 38 ሲቀነስ 48፣ 124። የራሳችሁን ወረቀት በዚሁ አስሉት፤ ልክ ከመጣ ላብራቶሪው ያሰላው በዚህ ቀመር ነው ማለት ይቻላል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ ቀመሩ አይሠራም። ከዚያ በታችም ቢሆን ኤልዲኤሉ ዝቅተኛ፣ ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ያለ ከሆነ ኤልዲኤልን አሳንሶ ያወጣል። እንዲህ ሲሆን በቀጥታ የሚለካውን ኤልዲኤል መጠየቅ ይሻላል።

ከቁጥሩ አጠገብ በምትታተመው የ«ከፍተኛ» ወይም «ዝቅተኛ» ምልክት አትመሩ። ምልክቱ ስኳር እንዳለባችሁ፣ እንደምታጨሱ፣ ከዚህ በፊት ስትሮክ እንደመታችሁ አያውቅም። ኤልዲኤል 110 ጤነኛ የ30 ዓመት ሰው ላይ ብዙም አያስጨንቅም፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ደርሶበት ለዳነ ሰው ግን ከፍተኛ ነው፣ ግቡ ከ70 በታች ነው፣ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ እንዲያውም ከ55 በታች ያደርገዋል። 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምግብ ብቻ ያመጣው ላይሆን ይችላል፤ በዘር የሚተላለፍ ሊሆን ስለሚችል ወንድምና እህት፣ ልጆችም ይመርመሩ። ትራይግሊሰራይድ ከ500 ካለፈ ከልብ በፊት የቆሽት መቆጣት ያሰጋል፣ ቶሎ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ናሙናው፤ ውጤት የሚበላሸው እዚህ ነው። ላብራቶሪዎች ከ9 እስከ 12 ሰዓት ምግብ ሳይቀመስ እንዲመጣ ይጠይቃሉ፦ ማታ 2 ሰዓት ራት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ደም። ውሃ አይከለከልም። ለተለመደው ምርመራ ሳይጾሙም ይቻላል የሚል አቋም በአውሮፓ ከ2016 ጀምሮ አለ፤ ኮሌስትሮሉ ብዙም አይለወጥም፣ ትራይግሊሰራይዱ ግን ከፍ ይላል። ዋዜማውን በቢራ ወይም በጠጅ ያሳለፈ ሰው ግን ቀኑን ቢያራዝም ይሻለዋል። ትኩሳት ወይም ከባድ ሕመም ላይ ያለም እንዲሁ፤ ኤልዲኤሉ ለጊዜው ወርዶ ያታልላል። ደም ቀጂው ክንድ ላይ ያሰረውን ላስቲክ ከአንድ ደቂቃ በላይ ካቆየው ደግሞ ሁሉም ቁጥር በትንሹ ይጨምራል።

የጾሙ ነገር ሌላ ጣጣ አለው። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ሥጋ፣ ቅቤና ወተት የሌለበት ስለሆነ ኤልዲኤልን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ሕማማት ላይ የተሠራን ውጤት በዓለ ሃምሳ ውስጥ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ሳይጾም ክትፎና ዶሮ ወጥ እየተበላ ከተሠራው ጋር አወዳድሮ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ማለት ስህተት ነው። በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት፣ ቢቻል በዚያው ላብራቶሪ አሠሩ። ትራይግሊሰራይድ ምንም ሳይለወጥ በራሱ ከቀን ቀን 20 በመቶ ገደማ ይዋዥቃል፤ ከ150 ወደ 170 መውጣት ዜና አይደለም። ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት የጀመረ ሰው ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይድገመው።

ከእንግሊዝ፣ ከስዊድን ወይም ከካናዳ የመጣ ወረቀት በሚሊሞል በሊትር ነው። ኮሌስትሮሎቹን በ38.67፣ ትራይግሊሰራይድን በ88.57 አባዙ። ኤልዲኤል 3.2 ማለት 124 ነው።

ፋርማሲ ውስጥ በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን መሣሪያ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንዳንዱ ጠቅላላውን ብቻ ያሳያል፣ ጣት ሲጨመቅም ደሙ ከሌላ ፈሳሽ ጋር ስለሚቀላቀል ቁጥሩ ይዛባል።

ትርፍ ገንዘብ ያለው ምን ይጨምር? በመጀመሪያ ኤችቢኤዋንሲ፣ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳየው ምርመራ፦ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ የስኳር ዋዜማ ነው፣ 6.5 እና ከዚያ በላይ ስኳር ነው፤ ደም ማነስ ያለበት ሰው ላይ ግን ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። ቀጥሎ ሊፖፕሮቲን ኤ (ኤልዲኤልን የሚመስል ኮሌስትሮል ተሸካሚ)፣ ከተገኘ። በዘር የሚወሰን ስለሆነ በዕድሜ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ከ50 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከ125 ናኖሞል በሊትር በላይ ከፍ ያለ ነው። ሲአርፒ (በሰውነት ውስጥ መቆጣት መኖሩን የሚያሳይ የደም ምርመራ) የሚያሠራ ሰው «ሃይ ሴንሲቲቪቲ» የሚባለውን መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ተራው ለልብ አይሆንም። ውጤቱ ከ10 ሚሊግራም በሊትር ካለፈ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ከዳኑ በኋላ ይደገማል።