ውሃ አጋር፣ አኳታብስ ወይስ የፒ ኤንድ ጂ ፓኬት? ለየትኛው ውሃ የትኛው ይሻላል

ሰው የውሃ ማከሚያ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። መቅደም የነበረበት ጥያቄ ግን ውሃው ኩልል ያለ ነው ወይስ ድፍርስ የሚለው ነው። በሦስቱም ውስጥ ጀርም የሚገድለው ክሎሪን ጭቃና ቅጠላ ቅጠል ካገኘ እዚያው ያልቃል፤ ለጀርሙ የሚተርፍ አይኖርም።

ከቧንቧ ወይም ከተጠበቀ ምንጭ ለተቀዳ ኩልል ያለ ውሃ ምርጫችን 67 ሚሊግራም አኳታብስ የተባለው የክሎሪን እንክብል ነው። አንዱ እንክብል ለ20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፤ በሊትር 2 ሚሊግራም ያህል ክሎሪን ይሰጣል። እንክብሉን ጥሎ፣ ክዳኑን ዘግቶ፣ ጀሪካኑን ነቅንቆ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። በደጋ ማለዳ ውሃው በጣም ከቀዘቀዘ አንድ ሰዓት ይሰጠው፤ ክሎሪን በብርድ ይዘገያል። ሲገዛ ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ይነበብ፤ 33 ሚሊግራሙ ለ20 ሊትር ግማሽ መጠን ብቻ ነው። እንክብሉን ቆርሶ ግማሹን ማስቀመጥም አይሆንም፤ እርጥበት ስቦ ይበላሻል።

እንደ ውሃ አጋር ያለው የክሎሪን ፈሳሽ በየቀኑ ለሚያክም ቤተሰብ ይመቻል፤ መጠኑ በራሱ ክዳን ይለካል። ድክመቱ ሙቀትና ፀሐይ ነው። መስኮት ላይ የከረመ ጠርሙስ ኃይሉን ያጣል፣ መልኩ ግን አይለወጥም። ስለዚህ ጊዜው ያለፈበትንና ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተደረደረውን አትግዙ። ሽታ የተጨመረበት የልብስ በረኪና በፍጹም ምትኩ አይደለም።

ለወንዝና ለጎርፍ ውሃ ግን የፒ ኤንድ ጂ የዱቄት ፓኬት ሌላ ደረጃ ላይ ነው፤ ብረታማ ጨው ጭቃውን ያረጋል፣ ክሎሪኑ ጀርሙን ይገድላል። 4 ግራሙ ለ10 ሊትር ነው። 5 ደቂቃ በኃይል ማማሰል፣ 5 ደቂቃ ማስረጋት፣ ቀዳዳ በሌለው ንጹህ የጥጥ ጨርቅ ወደ ሌላ ዕቃ ማጥለል፣ 20 ደቂቃ መጠበቅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማማሰሉ ላይ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ከተወው ዝቃጩ አይሰበሰብም። ካልረጋ እንደገና ይማሰል፤ ከተጠለለ በኋላም ቢጫ ከሆነ አይጠጣ። ዝቃጩ መጸዳጃ ጉድጓድ ይደፋ። ፓኬቱ ከሌለ ድፍርሱን ውሃ በጨርቅ አጥልሎ የእንክብሉን መጠን እጥፍ ማድረግ ይቻላል፤ ውጤቱ ግን አይተካከልም።

ሁሉም የኮሌራን ተህዋሲ በሚገባ ያጠፋሉ፤ በአተት ወቅት ዋጋቸው እዚህ ላይ ነው። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተቅማጥ አምጪ ጥገኛ ተህዋሲ ግን በዚህ መጠን ክሎሪን አይሞትም፤ የሚቀንሰው ማርጋትና ማጥለል ነው። ሕፃን ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ባለበት ቤት ማፍላት ይመረጣል። ከ2,000 ሜትር በላይ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ቦታ፣ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

በክሎሪኑ ሽታ ምክንያት ብዙዎች ማከሙን ይተዋሉ፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም መፍትሔው ቀላል ነው፦ 30 ደቂቃው ካለቀ በኋላ ከዕቃ ወደ ዕቃ መገልበጥ። ሎሚ ቀድሞ ከገባ ክሎሪኑን ያከሽፈዋል። ውሃ አለማከምን ስንፍና ብቻ አድርጎ ማየትም ፍትሐዊ አይደለም። በምዕራብ ኬንያ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ክሎሪን በነፃ ውሃ መቅጃው አጠገብ ሲቀመጥ ተጠቃሚው እጅግ ይበዛል፤ ጥቂት ዋጋ ሲጠየቅ ግን ያሽቆለቁላል። መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ማኖር ብቻውን በቂ አገልግሎት አይደለም።

የታከመ ውሃ በጣሳ እየተጠለቀ ከተቀዳ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ጠባብ አፍ ያለው ወይም ቧንቧ የተገጠመለት ዕቃ ይያዝ፤ ሸክላ ክሎሪኑን ቶሎ ይጨርሳል። የክሎሪን መለኪያ ወረቀት ያለው ሰው ከ30 ደቂቃ በኋላ በሊትር 0.5፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን ይፈልግ። ከዚያ በታች የወረደው ውሃ ለልብስ ማጠቢያ ይዋል፤ ጀሪካኑም ታጥቦ አዲስ ይታከም።