«አያድግም» ተብሎ የሚሸጥ ቡገንቪሊያ፦ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖች፣ አዲስ አበባ ውስጥ ችግኝ ከሚሸጥባቸው መንገድ ዳሮች ጀምሮ እስከ ቴሌግራም ድረስ «ድንክ ቡገንቪሊያ፣ ከወገብ በላይ አያድግም» እየተባለ የሚሸጥ ችግኝ አለ። ዋጋው ከተራው ቡገንቪሊያ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይጠራል። እባካችሁ ለዚህ ስም ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። እኔ ያየኋቸው ሁሉ ያው የምናውቀው፣ አጥር ላይ ወጥቶ ጣሪያ የሚያለብሰው ቡገንቪሊያ ናቸው። ገና ልጅ ስለሆኑ ነው ያጠሩት።

አክስቴ ከእነዚህ ሁለት ገዝተው አንዱን ሳሎኑ መስኮት ሥር፣ ሌላውን በሩ አጠገብ አስተከሉ። ሻጩ «እማማ፣ እንደ ጽጌረዳ ነው፣ ባለበት ይቀራል» ብሏቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ እውነትም ባለበት ቆየ፤ ሥሩን መሬት ውስጥ እየሰደደ ስለነበር ነው። ቀጥሎ የመጣው ክረምት ሲወጣ ግን ከግንዱ ሥር አውራ ጣት የሚያህል ቀንበጥ ተነስቶ፣ ቅርንጫፍ እንኳ ሳያወጣ ቀጥ ብሎ አሸንዳውን አልፎ በቆርቆሮው ሥር ገባ። እሾሁ ቆልመም ያለ ስለሆነ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ልናወጣው ስንጎትት አሸንዳው ከነሚስማሩ ተነቅሎ መጣ። የበሩኛው ደግሞ ከፖሉ ወደ ቤት በሚገባው የመብራት ሽቦ ላይ ተንጠላጥሎ ተገኘ። ይሄኛውን ለመብራት ኃይል ሠራተኞች ነው የተውነው፤ እናንተም ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ራሳችሁ እንዳትቆርጡ።

ሁለተኛው ክፍያ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አክስቴ ሲደውሉለት ሻጩ «እሱማ መድኃኒቱ ስላልተደረገለት ነው» አላቸው። ለካ በየሦስት ወሩ እየመጡ «የእድገት ማቆሚያ» የሚያጠጡበት ሌላ ሒሳብ አለው። ሰውየው መድኃኒቱን ይዞ የመጣው በሃይላንድ ነው። ስም የለው፣ ምልክት የለው፣ ስንት በስንት ውሃ እንደሚበረዝ የተጻፈ ነገር የለው። የልጅ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ፣ ከጎመኑ መደብ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ሊያፈስ ሲል ደረስኩበትና አስቆምኩት።

እድገትን የሚያዘገይ ኬሚካል የለም እያልኩ አይደለም። ፓክሎቡትራዞል የሚባለው በዓለም ላይ የታወቀ ነው፤ ተክሉን የሚያስረዝመውን ጂብሬሊን የተባለ ሆርሞን ይገታል። በማስቀመጫ የሚሸጡ አበቦች አጠር፣ ጠቅጠቅ ብለው እንዲታዩ አምራቾች ይጠቀሙበታል። ግን ጉልበቱ ሲያልቅ ተክሉ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል፣ ኬሚካሉ ደግሞ አፈር ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። በዚያ ላይ በሃይላንዱ ውስጥ ያለው እሱ ይሁን ሌላ ነገር ማን ያረጋግጥላችኋል? በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 እንዲህ ያሉ ነገሮች ሳይመዘገቡና መለያ ሳይለጠፍባቸው እንዳይዘዋወሩ ነው የወጣው። ዕቃው ከነማሸጊያው ካልመጣ በሩን አትክፈቱ።

ችግኙ ሲሸጥ ለምን ድንክ እንደሚመስል ልንገራችሁ። ቡገንቪሊያ አብዛኛውን ጊዜ የሚራባው ከቅርንጫፍ ቁራጭ ነው። ቁራጩ ጠባብ ላስቲክ ውስጥ ሥር ሲሰድ ሥሩ መሄጃ ያጣል፣ ሥሩ ከታፈነ ላዩም አይረዝምም። ከዚያ የየቅርንጫፉን ጫፍ ይቀነጥቡታል፤ ጫፉ ሲቀነጠብ ወደ ጎን ስለሚያቆጠቁጥ ደንደን ያለች ቁጥቋጦ ይመስላል። ለሽያጭ ሲደርስ ውሃ ይቀንሱበታል። ቡገንቪሊያ ትንሽ ሲጠማ ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ቀለሙን ያወጣል፤ እናንተም መንገድ ዳር ስትደርሱ ወይን ጠጅ የለበሰች ትንሽ ተክል ታገኛላችሁ። ሙያው በራሱ ነውር የለበትም፣ ጥሩ አትክልተኛ ሁሉ ያደርገዋል። ነውሩ «ዘሩ ነው፣ አያድግም» ብሎ ሦስት እጥፍ ማስከፈሉ ላይ ነው። ይህ ተክል በትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ በሌሎች ዛፎች ላይ በእሾሁ እየተንጠለጠለ ፀሐይ ፍለጋ የሚወጣ ነው፤ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል።

በእርግጥ አጠር የሚሉ ዝርያዎች አሉ። ሄለን ጆንሰን የሚባለው፣ ቴምፕል ፋየርም ይሉታል፣ ቅጠሉ ትንንሽ ሆኖ ክብ እያለ የሚያድግ ነው። ቶርች ግሎው ደግሞ ቅጠሎቹ በቀጥታው ግንድ ዙሪያ ተጠጋግተው የሚወጡበት፣ አበባው እንደ ችቦ ጫፉ ላይ የሚሰበሰብበት፣ እሾህ የሌለው ሊባል የሚችል ዓይነት ነው። እነዚህም ቢሆኑ ከመቀስ አያድኗችሁም። ሻጩን የዝርያውን ስም ጠይቁት። «ድንክ» ከማለት ሌላ መልስ ከሌለው፣ ቅጠሉም ሰፋ ብሎ እሾሁ ረዘም ካለ፣ የተራውን ዋጋ ሰጥታችሁ ውሰዱ ወይም ሂዱ። የላስቲኩን ቂጥም ገልብጣችሁ እዩ፤ ሥሩ ወጥቶ ከተጠማዘዘ ቆይቷል ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእናት ተክሉን ፎቶ ሳይሆን እናት ተክሉን ራሱን አሳየኝ በሉት። ሦስትና አራት ዓመት መሬት ላይ ቆሞ ወገብ ላይ የቀረ ቡገንቪሊያ ያለው ሰው ለማሳየት አይሰስትም።

ደረሰኝም ጠይቁ፣ ደረሰኙ ላይ ስሙንና «ድንክ» ያለውን ያስፍርላችሁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የአክስቴ ጉዳይ የቆመው እዚህ ላይ ነው፤ የተጻፈ ነገር በእጃቸው ስላልነበረ ሰውየው «እኔ እንዲህ አላልኩም» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

አሁን ለተተከለባችሁ። አትንቀሉት፣ በተለይ አጉል ወደ ሌላ ቦታ ልውሰደው አትበሉ፤ የቡገንቪሊያ ሥር ቀጭንና ተሰባሪ ነው፣ ሲነካካ ይቆጣል። ትንሽ እንዲቀር የምትፈልጉ ከሆነ ከመጀመሪያው በሸክላ ማስቀመጫ ማሳደግ ይሻላል፤ የሥሩ ቦታ ሲወሰን ቁመቱም ይወሰናል። ከላስቲኩ ስታወጡት ግንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ፣ ላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቃችሁ ከነአፈሩ አስገቡት።

መሬት ላይ ላለው መድኃኒቱ መቀስ ነው። አበባው የሚወጣው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ መቁረጥ አይጎዳውም፣ ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። አበባ የሚመስለው ባለ ቀለሙ ቅጠል እንደ ወረቀት ደርቆ መርገፍ ሲጀምር ከርክሙት። አዲስ አበባ ላይ እኔ ዋናውን ቆረጣ የማደርገው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ አዲሱ ቀንበጥ በበጋው ፀሐይ ያብባል። በየሳምንቱ ላዩን እየላጨ የሚሄድ አትክልተኛ ካላችሁ አስቁሙት፣ አበባውን ነው አብሮ የሚወስደው። ከግንዱ ሥር ቀጥ ብሎ የሚነሳውን ያን ጉልበተኛ ቀንበጥ ግን አትጠብቁት፤ ገና ለስላሳ ሳለ ከሥሩ ቁረጡት። የአክስቴ አሸንዳ የተነቀለው በእሱ ነው።

ዩሪያ አትጨምሩበት። ናይትሮጂን ሲበዛለት ቅጠልና ቁመት ብቻ ይሰጣችኋል። ሥር ከሰደደ በኋላ በየቀኑ ማጠጣትም ያው ነው፤ አፈሩ ላዩ ደረቅ እስኪል ቆዩና አንዴ ጠጥቶ እንዲጠግብ አጠጡት። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካላገኘ ወደ ብርሃኑ እየተመዘዘ ይረዝማል እንጂ አያብብም።

ስትቆርጡ ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርጉ፣ የወደቀውንም ቅርንጫፍ ዕለቱን ሰብስቡ፤ ደርቆ መሬት ላይ ከቀረ የልጅ እግርም የመኪና ጎማም ይወጋል። ይህን ሁሉ አንድ የሰፈር አትክልተኛ በዓመት ሁለቴ መጥቶ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። አክስቴ አሁን የሚከፍሉት ለእሱ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ተክሎች ደረት ላይ ቀርተው ያብባሉ።