ለብርድ ልብስ ገበር፦ ፍሊስ፣ አቡጀዲ ወይስ ያገለገለ ጋቢ?

ደብረ ማርቆስም ሆነ እንጅባራ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ሐሳቡን ሁሉ የሚጥለው ፊቱ ላይ ነው። ቀለም ያማርጣል፣ ቅርጽ ያሰላል፤ ገበሩን ግን ልብስ ሰፊው ባገኘው ጨርቅ እንዲጨርሰው ይተወዋል። ሌሊቱን ሙሉ ገላ የሚነካው ደግሞ ገበሩ ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ደጋ ላይ፣ እሳት በማይነድበት መኝታ ቤት፣ ፍሊስን የሚያህል ገበር የለም። ምድጃ ባለበት ክፍል ግን ባይገባ ይሻላል። ፍሊስ ከፖሊስተር የሚሠራ ነው፤ ከምድጃ የተፈናጠረች ፍም አቡጀዲን ብትበሳ ፍሊስን ታቀልጠዋለች፣ የቀለጠውም ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

የፍሊስ ሙቀት የሚመጣው ተቦርሾ በተነፋው ጠጉሩ መሃል ከሚቀረው አየር ነው። ስለዚህ በመሃል ሙሌት ሳይገባበት እንኳ ከፊቱ ጨርቅ ጋር ብቻ ተሰፍቶ ያሞቃል፤ የሙሌቱ ወጪም ይቀራል። ፍሊስንና ሙሌትን መደራረብ ልብሱን ያደነድነዋል፣ ማሽኑንም ያስቸግራል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጮቄ ተራራ ብርድ ለሚደርስበት ሰው ካልሆነ አልመክረውም።

ክረምት ሲገባ የፍሊስ ብልጫ ይበልጥ ይታያል። ፖሊስተር ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ ታጥቦ ከተጨመቀ ቶሎ ይደርቃል። ጋቢ ግን ውሃ ከጠጣ ሁለት ሰው ይዞ ካልጠመዘዘው አይሆንም፤ ፀሐይ በማትወጣበት ነሐሴ ደግሞ ሰንብቶም እርጥበቱ ሳይለቀው ይሸታል።

ዋጋ ሲያነጻጽሩ ሜትሩን ብቻ ሳይሆን ወርዱንም ይጠይቁ። ፊቱ 140 በ190 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። 150 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ፍሊስ ሁለት ሜትር ይበቃዋል፤ መሃል ላይ መጋጠሚያ ስፌት የለውም፣ በየጎኑም አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። የአቡጀዲው ወርድ 90 ከሆነ ግን አራት ሜትር ተገዝቶ መጋጠም አለበት። በሜትር የረከሰው በመጨረሻ ላይረክስ ይችላል።

ፍሊሱን ሳይገዙ በመዳፍዎ ጠንከር አድርገው ይፈትጉት፤ ወዲያው ድብልብል ጠጉር የሚያወጣ ከሆነ ይለፉት። ወደ ብርሃንም ያንሱት፤ እንደ ወንፊት የሚያሳይ ከሆነ ለደብረ ማርቆስ ሌሊት አይበቃም።

ልብስ ሰፊው ፍሊስ ካልለመደ ጥቂት ነገር ይንገሩት። ጨርቁ ወደ ጎን ይሳባል፤ ተወጥሮ ከተሰፋ ሲለቀቅ ይሰበሰብና ፊቱን ያጨማድደዋል። ስለዚህ ሳይጎተት ተዘርግቶ በመርፌ ቁልፍ ጠጋ ጠጋ ተደርጎ ይያዝ፤ ስፌቱም ከሦስት እስከ አራት ሚሊ ሜትር ይርዘም። ካውያ አይንካው። ጠርዙ ስለማይተረተር ትርፉን ወደ ፊቱ ጨርቅ አጥፎ መስፋት ይቻላል፣ ለጠርዝ ሌላ ጨርቅ አያስፈልግም። ከሁሉ በፊት ግን የፊቱ ጥጥ ይታጠብ፦ ጥጥ በውሃ ይሰበሰባል፣ ፍሊስ አይሰበሰብም፤ ሳይታጠብ የተሰፋው በመጀመሪያው እጥበት ይኮማተራል።

አቡጀዲ ለባሕር ዳርና ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርደው ቆላ ይስማማል። ላብ ይመጥጣል፣ ካውያ ይችላል፣ ለሰፊውም ይመቻል። እሱም ቢሆን ሳይታጠብ አይሰፋ።

ያገለገለ ጋቢን ገበር ማድረግን ግን አልደግፍም። ለስላሳነቱ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን ድርና ማጉ ላላ ያለ ስለሆነ በስፌቱ መካከል ይወጠራል፣ የሳሳውም ቦታ አልጋ ላይ ሲፈተግ ቶሎ ይቀደዳል። የጋቢ ቦታው መሃል ነው። በሁለት ጨርቅ መካከል ገብቶ ሲሰፋ ከማንም ሙሌት የማያንስ ሙቀት አለው፤ ማጠቡ ቢከብድም እሳት ለሚነድበት ቤት የምመርጠው ይህንኑ ነው፦ ከላይ ቁርጥራጩ፣ ከመሃል ጋቢው፣ ከሥር ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲ።