ቮክስ ኤሲ 30፦ ግሩም ድምፅ፣ አስቸጋሪ መቆጣጠሪያ

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራውና ቢትልስ በመድረክ የተጠቀሙበት ቮክስ ኤሲ 30 የጊታር አምፕሊፋየር፣ ኢኤል84 በተባሉት 4 ቱዩቦቹ (ድምፁን በሚያጎሉት የመስታወት ቱቦዎች) የሚያወጣው ጥርት ያለ ድምፅ እጅግ ያስደስተኛል። መቆጣጠሪያዎቹ ግን ያስቸግራሉ። ከሁሉ የሚያናድደው «ከት» የተባለው ቁልፍ ነው፤ ሌሎቹ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ድምፅ የሚጨምሩ ሆነው ሳለ ይህኛው ቀጭኑን ድምፅ ስለሚቀንስ፣ ድምፁን ለማጥራት የፈለገ ተጫዋች በልማድ ወደ ቀኝ ቢያዞረው ይብሱን ያደበዝዘዋል። እንዲህ ያለ አሠራር እስከ ዛሬ መቆየቱ ተገቢ አይመስለኝም። የቁልፎቹ ሰሌዳም ከላይ በመሆኑ ከፊት ለፊት ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው አይታይም። ባለሁለት ስፒከሩ ዓይነት ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ ዕቃውን ብቻውን ለሚያጓጉዝ ሙዚቀኛ አልመክረውም፤ ለስቱዲዮ ግን ያለማመንታት እመርጠዋለሁ።