“ያልተዘመረለት ኦሜጋ” ሲሏችሁ፣ መጀመሪያ ሆዱን አሳዩኝ በሉ

ይህን የምጽፈው ተሸውጄ ነው። ትንሽ ቢመርር ይቅር በሉኝ።

የድሮ የእጅ ሰዓት መግዛት ያማራችሁ ሁሉ አንድ ቃል ሳትሰሙ አትቀሩም፦ “ያልተዘመረለት”። የሮሌክስ ዋጋ ጣሪያ ነክቷል፣ እነ ፓቴክ ፊሊፕማ አይነሱ። ሻጩ ይህን ያውቃል። ዘወር ይልና የ1960ዎቹን ኦሜጋ ኮንስቴሌሽን ያወጣላችኋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሚያናድደው፣ ወሬው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ኮንስቴሌሽን በ1952 ሲወጣ የኦሜጋ ቁንጮ ነበር። በ1954 የወጣውን የሌላውን ኩባንያ፣ የዩኒቨርሳል ጄኔቭን ፖልራውተርም ብትወስዱ፣ የነደፈው ያኔ የ23 ዓመት ወጣት የነበረው ጄራልድ ጄንታ ነው። ኋላ ዝነኞቹን ሰዓቶች ሮያል ኦክንና ኖቲለስን የነደፈው ሰውዬ ማለት ነው። ሰዓቶቹ ምርጥ ናቸው። ችግሩ ምርጡን ሰዓት እየገዛችሁ መሆን አለመሆኑ ላይ ነው።

እኔ የገዛሁት ኮንስቴሌሽን በፎቶ ሲታይ ያፈዝዛል። ሰብሳቢዎች ፓይ ፓን የሚሉት ፊት አለው፤ ዙሪያው በ12 ጎን ተሰብሮ እንደተደፋ ሳህን ወደታች ያዘነብላል። ከጀርባ፣ የኮከብ መመልከቻ ማማ ምስልና ከበላዩ ያሉት ስምንት ኮከቦች አሉ። “ሁሉም ኦርጅናል፣ ሰርቪስ የተደረገ” ይላል ማስታወቂያው። የውስጡን ማሽን ፎቶ ጠየቅሁ። “ክዳኑን ከከፈትኩት አቧራ ይገባበታል” አለኝ። እኔም አመንኩ! ሰርቪስ አስደርጌዋለሁ የሚል ሰው ክዳኑን ለመክፈት የሚፈራው ለምንድን ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ማለቱ ዓይኔን ጋርዶታል።

ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ክዳኑን ፈቱና አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝም ሆዴ ተላወሰ። “ማን ነው የሸጠልህ?” አሉኝ በመጨረሻ። ከዚያ መነጽሩን ሰጡኝና እንዳየው አደረጉ። ማሽኑ ላይ የተቀረጸው የዓይነቱ መለያ ቁጥር 565 ነው።

ለምን 565 መሆኑ እንደሚያስከፋ ላስረዳ። ፊቱ ላይ በጉልህ “ክሮኖሜትር” ተብሎ ተጽፏል፤ ትክክለኛነቱ ተፈትኖ የተመሰከረለት ሰዓት ማለት ነው። የዚያ ዘመን ቀን የሚያሳይ ኮንስቴሌሽን ውስጥ የሚገኘው ማሽን 561 ወይም ከ1966 ወዲህ 564 ነው። እነዚህ በአምስት አቀማመጥና በሙቀት ለውጥ ጊዜ እንዳያዛቡ የተስተካከሉ ናቸው፤ ይህም ማሽናቸው ላይ ተቀርጿል። 565 የ564 ወንድም ነው። መልኩ ያው ነው፣ የመዳብ ቀለሙም ያው ነው፣ ግጭት የሚቀንሱለት ጥቃቅን ድንጋዮቹም ያው 24 ናቸው። ግን ክሮኖሜትር አይደለም። ሲማስተርን ለመሳሰሉ ሌሎች የኦሜጋ ሰዓቶች የተሠራ ነው። አንዱን አውጥቶ ሌላውን ለመክተት ብዙ አያስቸግርም። ከውጭ የሚያውቀውም የለም።

እንዲህ ያለውን ሰዓት ሰብሳቢዎች ፍራንከን ይሉታል። በእኛ አፍ ድሪቶ ነው።

ፊቱም እንደገና የተቀባ ሆኖ ተገኘ። ይሄን እንኳ ቀስ ብዬ ባየው ኖሮ ከፎቶው እለየው ነበር። የፋብሪካ ጽሑፍ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። የእኔ ፊደላት ግን ጠርዛቸው ተበልቷል፣ ቀለሙ ፈሷል። ሰባት ሰዓት ላይ ያለው የደቂቃ ሰረዝ ከተለጠፈው ምልክት ጋር አይገናኝም፣ ወደ ግራ ሸሽቷል። ከግርጌ ያለው “ስዊስ ሜድ” ደግሞ ግማሹ ከጠርዙ ሥር ገብቷል። የጀርባው ኮከቦችም ተወልውለው ተወልውለው ልሙጥ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም።

ጨለማ ውስጥ የሚያበሩ ሰዓቶችን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። የ1960ዎቹ ሰዓት ከግርጌው “ስዊስ” የሚለውን ቃል ያጀቡ ቲ ፊደላት ካሉት የሚያበራው ቀለም ትሪቲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አለበት። ትሪቲየም በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ከ60 ዓመት በኋላ የሚቀረው ከ30 አንዱ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት ዛሬም ደምቆ ካበራላችሁ፣ አንድ ሰው በአዲስ ቀለም ቀብቶታል ማለት ነው። ከትሪቲየም በፊት የነበረው ደግሞ ሬዲየም፣ እሱም ጨረር አመንጪ ስለሆነ አትፋቁት፣ ዱቄቱ ጎጂ ነው።

“ሞኝ ስለሆንክ ነው” የምትሉኝ ካላችሁ፣ አልከራከርም። ግን ብቻዬን አይደለሁም። በ2021 ጄኔቫ ላይ በፊሊፕስ አጫራች ቤት አንድ የኦሜጋ ስፒድማስተር ከ3 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። የገዛው የኦሜጋ የራሱ ሙዚየም ነው። በ2023 ኩባንያው ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑን፣ የራሱ የቀድሞ ሠራተኞችም እጃቸው እንዳለበት አስታወቀ። ባለቤቱ ከተሸወደ እኔ ማን ነኝ?

ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ ፎቶ ያልተነሳ ሰዓት አትግዙ። የማሽኑ ቁጥርና ተከታታይ ቁጥሩ የሚነበብበት ፎቶ ጠይቁ። ተከታታይ ቁጥሩ የተሠራበትን ዘመን ይጠቁማል፤ በ24 ሚሊዮን የሚጀምር ኦሜጋ በ1966 አካባቢ ያስቀምጣችኋል። “የ1958 ነው” ከተባላችሁ ሳቁና ሂዱ። “ሰርቪስ ተደርጓል” የሚልን ደግሞ ደረሰኝ ጠይቁት። ፖልራውተር የምታስቡ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት የሚጠግንላችሁን ሰው አግኙ፤ የዚያ ማሽን መለዋወጫ ገሃነም ነው።

ሻጩ “እኔም እንደዚያው ነው የገዛሁት” ብሎኝ መልስ መስጠት አቁሟል። ሰዓቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነው የሚሄደው። ማሽኑ ከአንድ ሲማስተር ሆድ የወጣ ይመስለኛል። የዚያ ሲማስተር ባዶ ቀፎ ውስጥ ምን ተከቶ ለማን እየተሸጠ እንደሆነ ግን እንጃ።