ጥቁሯን ድመት ለሚያሽከረክሩት ሾፌሮች ምስጋና፤ ከጃፓን ትንሽ ከተማ ለምትለቁ መምህራንም ጥቆማ

ልጇን በአፏ አንጠልጥላ የምትሄድ ጥቁር ድመት የተሳለችበትን መኪና የሚያሽከረክሩት፣ ያማቶ የተባለው የዕቃ አድራሽ ድርጅት ሾፌሮች የአደባባይ ምስጋና ይገባቸዋል። በጃፓን ትንንሽ ከተሞች እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው፣ ጄት በሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም የመጣም ይሁን በግል ድርጅት የተቀጠረ፣ ውሉን ጨርሶ ሲሰናበት አንዲት ቦርሳ ብቻ አንግቶ ባቡር የሚሳፈረው በእነሱ ድካም ነው። አሳንሰር የሌለው የገጠር ጣቢያ ብዙ ነው፤ የባቡር ቅያሪውም በደቂቃ የተቆጠረ ነው። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ እየጎተቱ ያንን መንገድ መሄድ የስንብቱን ቀን የሸክም ቀን ያደርገዋል። እግዜር ይስጥልን! ነገር ግን “አገልግሎታቸው ጥሩ ነው” ብሎ ማለፍ ቀጥሎ ለሚለቀው ሰው ስለማይጠቅም፣ አሠራሩንና የሚበላሽበትን ቦታ በዝርዝር ማስቀመጥ ይሻላል።

አገልግሎቱ ታክዩቢን ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 1976 ሲጀመር በመጀመሪያው ቀን የተቀበሉት ዕቃ 11 ብቻ ነበር። ዛሬ ከተራራ ሥር ያለች መንደር ድረስ ይመላለሳሉ። ዋጋው የሚወጣው በርቀትና በመጠን ሲሆን፣ መጠኑ የሚለካው ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ ነው። ድምሩ እስከ 100 ሳንቲሜትር የሆነ ዕቃ እስከ 10 ኪሎ፣ እስከ 120 የሆነ 15 ኪሎ፣ እስከ 140 የሆነ 20 ኪሎ፣ እስከ 160 የሆነ 25 ኪሎ፣ ከዚያ በላይ እስከ 200 ድረስ ደግሞ 30 ኪሎ ይፈቀዳል። ከሁለቱ አንዱ ካለፈ ዋጋው በሚበልጠው ይሰላል፤ ትንሽ ካርቶን በመጽሐፍ ጢም ብሎ ሲሞላ የትልቅ ካርቶን ዋጋ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው። መጠኑን ሾፌሩ ዕቃውን ሲረከብ ስለሚለካ ቤት ውስጥ ሜትር የለኝም ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

ለአየር ተጓዥ የሚመች አንድ ነገር አለ። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 158 ሳንቲሜትር ድምርና 23 ኪሎ ስለሆነ፣ ለአውሮፕላን የተስተካከለ ሻንጣ በ160ው መጠን ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ሾፌሩ “25 ኪሎ አለፈ” ካለ፣ አየር ማረፊያ ላይ ትርፍ ክፍያ ወይም በሰልፍ መሀል ሻንጣ መክፈት እንደሚጠብቃችሁ እዚያው በራችሁ ላይ አወቃችሁ ማለት ነው። ይህ ብቻውን የመላኪያውን ዋጋ ያወጣል።

ወደ አየር ማረፊያ ሲላክ የሚሞላው ወረቀት የተለየ ነው። የበረራ ቁጥር፣ የመነሻ ቀንና ሰዓት፣ የተርሚናሉ ቁጥርና በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ይጻፍበታል። ሻንጣው ከበረራው ቢያንስ 2 ቀን ቀድሞ ከቤት መውጣት አለበት፤ ከሆካይዶ፣ ከኦኪናዋና ከደሴቶች የሚነሣ ግን ተጨማሪ ቀን ይያዝ፤ ጀልባ በማዕበል ይቆማል፣ መንገድ በበረዶ ይዘጋል። የቶኪዮው ነሪታ አየር ማረፊያ ሦስት ተርሚናል ስላለው፣ የተሳሳተ ቁጥር መጻፍ በመነሻው ጠዋት በአውቶቡስ ከተርሚናል ተርሚናል መሮጥን ያመጣል። በደቡብ ኮሪያው ኢንቾን በኩል ወደ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የምትሄዱ የተርሚናሉን ቁጥር ከቲኬታችሁ ላይ እዩ እንጂ በሰው ወሬ አትሙሉ።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው በስልክ ነው። ሰዉ ለመቆጠብ ብሎ የጃፓኑን ቁጥር ከመነሣቱ በፊት ያዘጋል። ሾፌሩ ግን ቤቱን ሲያጣው፣ ወይም ሻንጣው ላይ ጥያቄ ሲኖር የሚደውለው በዚያው ቁጥር ነው፤ ባንኩም የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው ወደዚያው ነው። ስለዚህ ከሁሉም በኋላ የሚዘጋው ስልክ ይሁን።

ሁለተኛው ስህተት ፓስፖርትን ሻንጣ ውስጥ አድርጎ መስጠት ነው። ታክዩቢን ፓስፖርት፣ ጥሬ ገንዘብና የመኪና ሊብሬ አይቀበልም፤ ለአንድ ዕቃ የሚከፍሉት ካሣም እስከ 300,000 የን ድረስ ነው። የስልክ ቻርጅ መያዣ ባትሪም ሻንጣ ውስጥ አይቀመጥ፤ አውሮፕላን ላይ የሚፈቀደው በእጅ ብቻ ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ጃፓን ውስጥ ከራስ በላይ ባለው ሣጥን ሳይሆን ከዓይን ሳይርቅ እንዲያዝ ነው የሚጠየቀው።

ከሻንጣ የተረፈው ዕቃ የፖስታ ቤት ሠራተኞች ፈንታ ነው፤ እነሱም ምስጋናው ይድረሳቸው። ለመጽሐፍ ከሱቅ ካርቶን አትግዙ። በመምህራን ክፍል የሚጣለው የኤ4 ወረቀት ካርቶን አምስት እሽግ፣ ማለትም ወደ 10 ኪሎ ወረቀት፣ ተሸክሞ የመጣ ስለሆነ ታቹ ጠንካራ ነው፤ በአንድ ሰው እጅም ይነሣል። የማሸጊያ ቴፑን ግን መርጣችሁ ግዙ። ርካሹ ቡናማ የወረቀት ቴፕ ላዩ በሰም መሰል ነገር የተቀባ በመሆኑ ሌላ ቴፕ አይዝበትም፤ ሁለተኛው ዙር ይላቀቃል። የጨርቅ ቴፕ፣ ባለ 50 ሚሊሜትሩ፣ እርስ በርሱም ይያያዛል፤ የካርቶኑን መሀል ስፌትና ሁለቱን ጠርዝ ይዛችሁ ለጥፉት። ብዙ መምህር የሚለቅበት ጁላይ የዝናብ ወቅት መጨረሻ ነው። በዚያ ወራት ካርቶን ከአየሩ እርጥበት ይጠጣና ይለሰልሳል፣ መጽሐፍ ደግሞ ይሻግታል። ታታሚ በሚባለው የሣር ምንጣፍ ወለል ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ፤ ከሥሩ እንጨት አድርጉለት፣ መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልላችሁ እርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጨምሩበት፣ ከታሸገ በኋላም ቶሎ ይላክ።

በመርከብ የሚሄድ ፖስታ ርካሽ ነው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። የአንድ ጥቅል ከፍተኛ ክብደት 30 ኪሎ ቢሆንም ለአንዳንድ አገሮች ከዚያ ያነሰ ነው። መንገዶቹም አልፎ አልፎ ስለሚቋረጡ ካርቶን ከማሸጋችሁ በፊት የአገሩን ስም ለመስኮቱ ሠራተኛ አሳዩ። የዕቃው ዝርዝር በኢንተርኔት ተሞልቶ ይታተማል። “የግል ዕቃ” ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም፤ ስንት መጽሐፍ፣ ስንት ሸሚዝ፣ ክብደቱና ዋጋው ይጠየቃል። ሽቶ፣ የጥፍር ቀለምና የሚረጭ ቆርቆሮ አይላክም። ወደ ኢትዮጵያ ከሆነ የተቀባዩ የፖስታ ሣጥን ቁጥርና ስልክ ሳይጻፍ እንዳይቀር፤ የመንገድ አድራሻ ብቻውን አያደርስም።

እዚህ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ሠራተኞች ይመጣሉ። ከቀበሌ መሸኛ የምንለው ዓይነት ወረቀት ጃፓን ውስጥም አለ፤ ተንሹትሱ ቶዶኬ ይባላል፤ ከመነሻው 14 ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ይህን ወረቀት ለመጨረስ መቸኮል ግን መኪና ያለውን ሰው ይጎዳዋል። ነጭ ታርጋ ያለው መደበኛ መኪና ስም ሲዞር ሻጩ በፊርማ ምትክ የሚጠቀምበትን፣ በማዘጋጃ ቤት የተመዘገበ የግል ማኅተሙን ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ የማኅተሙ ምዝገባ ደግሞ በመሸኛው ላይ የተጻፈው የመልቀቂያ ቀን ሲደርስ ይሰረዛል። ስለዚህ በመጀመሪያ መኪናው ይሸጥ፤ ካልሆነም ማረጋገጫው ቀድሞ ይውጣ፤ ዕድሜው ለስም ማዞሪያ 3 ወር ነው። ቢጫ ታርጋ ያላት የ660 ሲሲ ኬይ መኪና ይህን ማረጋገጫ አትጠይቅም፤ የራሷ ጽሕፈት ቤት አላት። የመኪና ግብር የሚጣለው ኤፕሪል 1 ቀን ባለቤት በሆነው ሰው ላይ ነው፤ ለኬይ በዓመቱ መሀል የሚመለስ ገንዘብ የለም። ለመደበኛ መኪናም የሚመለሰው ከመዝገብ ሲሰረዝ ብቻ ነው፤ ስሙ ቢዞር አይመለስም። ገዢ ስትፈልጉ ሻከን የሚባለው ምርመራ፣ እንደኛ ቦሎ ማለት ነው፣ ስንት ወር እንደቀረው ተናገሩ፤ ዋጋውን በብዛት የሚወስነው እሱ ነው።

የነዋሪ ግብሩም ሰውን የሚያስደነግጥ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን አድራሻው ጃፓን ውስጥ የሆነ ሰው ባለፈው ዓመት ገቢው ላይ ይገበራል፤ ክፍያው ከጁን እስከ ቀጣዩ ሜይ ይዘረጋል። ጁላይ ላይ የሚሄድ ሰው ቀሪውን ከመጨረሻ ደመወዙ በአንዴ እንዲቀነስለት አሠሪውን ይጠይቅ፣ ወይም የግብር ወኪል ሰይሞ ይሂድ።

የግብር ወኪሉ ለጡረታ ገንዘቡም ያስፈልጋል። 6 ወርና ከዚያ በላይ፣ ግን ከ10 ዓመት በታች የጡረታ መዋጮ የከፈለ የውጭ ዜጋ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ2 ዓመት ውስጥ አመልክቶ ከፊሉን ያገኛል፤ ከ2021 ወዲህ የሚሰላው እስከ 60 ወር ነው። ከሠራተኞች ጡረታ በሚከፈለው ላይ 20.42 በመቶ ግብር ይቆረጣል። ይህን የተቆረጠ ገንዘብ የሚያስመልሰው ከመነሣታችሁ በፊት ለግብር ጽሕፈት ቤት ያስመዘገባችሁት ወኪል ነው። ታማኝ የሥራ ባልደረባ ይበቃል፤ የክፍያ ማስታወቂያው ሲደርሳችሁ ዋናውን ቅጂ ወደ እሱ ትልካላችሁ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ወገኖች ቆም ብላችሁ አስቡ። ከ2005 ጀምሮ በሁለቱ አገሮች ስምምነት የጃፓን ዓመታችሁ ከአሜሪካው ጋር ሊደመር ይችላል፤ ይህን ገንዘብ የወሰደ ግን እነዚያ ዓመታት ይሰረዙበታል።

ስለሚጣለው ዕቃ አጭር ነገር ልበል። አልጋና ሶፋ ሶዳይ ጎሚ፣ ማለትም ትልቅ ቆሻሻ፣ ነው፤ ቀጠሮ ይያዛል፣ ተለጣፊ ቲኬት ይገዛል። በ2001 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ቴሌቪዥንና የአየር ማቀዝቀዣ ከዚህ ውጭ ናቸው፤ ለእነሱ የተለየ የመልሶ ማምረቻ ቲኬት ፖስታ ቤት ይገዛል። በድምፅ ማጉያ “ያለ ክፍያ እንወስዳለን” እያለ የሚዞር መኪና ካያችሁ አትጥሩት። ዕቃው ከተጫነ በኋላ ገንዘብ የሚጠይቅ አለ። የአሮጌ ዕቃ ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው ከቤት የወጣ ቆሻሻ ገንዘብ ተቀብሎ የመውሰድ ፈቃድ አለው ማለትም አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ የሰጣቸውን ዝርዝር በመስኮቱ ጠይቁ።

በስንብቱ ሳምንት ለመምህራን ክፍል ጣፋጭ ይወሰዳል። ለየብቻው የታሸገ፣ ፍሪጅ የማይፈልግ፣ የማብቂያ ቀኑ የራቀ ይሁን። ቁጥሩን ስትይዙ የምግብ ሠራተኞቹን፣ የጽሕፈት ቤቱን ሰው፣ የጤና ክፍሏን መምህርትና የግቢ ጠባቂውን አትርሱ፤ በየሳምንቱ የምትዞሩባቸው ብዙ ትምህርት ቤቶች ካሉም ለእያንዳንዱ ነው። ተማሪዎች ቃላቸውን የሚጽፉበት ሺኪሺ የሚባል ወፍራም ካርቶን፣ 24 በ27 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ይሰጣችኋል። ሻንጣ ውስጥ አይግባ፣ በታክዩቢንም አይላክ፤ የልጆችን የእጅ ጽሕፈት ካሣ አይመልሰውም። በሁለት ጠፍጣፋ ካርቶን መሀል አድርጋችሁ ከላፕቶፑ ጎን በእጅ ያዙት።

ለሾፌሮቹ ጉርሻ አይሰጥም፤ ጃፓን ውስጥ ባህሉ አይደለም፣ ያስጨንቃቸዋልም። በጁላይ ሙቀት ቀዝቃዛ ሻይ በጠርሙስ ማቀበል ግን የተለመደ ነው። ሲረከቧችሁ “ኦሰዋ ኒ ናሪማሽታ” በሏቸው፤ በእናንተ እጅ ስደገፍ ኖሬያለሁ እንደማለት ነው፤ ለርእሰ መምህሩ የምትሉትም ይህንኑ ነው። ቤት ሳትኖሩ መጥተው በፖስታ ሣጥን የሚተዉት ወረቀት ላይ የሾፌሩ ስም አለ። ያንን አንድ ወረቀት አስቀሩና ስሙን ጠቅሳችሁ ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት የምስጋና መልእክት ጻፉለት።