ጠባሴ ያለችው የክር ሥዕል ሱቅ

ጥልፍ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ቀሚስ ወይም ወደ ትራስ ልብስ ነው የሚሄደው። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ባለችው ትንሽ የእጅ ሥራ ሱቅ የተሰቀሉት ግን ሌላ ናቸው። አበባ የለ፣ ሰው የለ፣ ቤት የለ፤ የመንዝ ባና (ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ) ላይ የተሰፋ መስመርና ቋጠሮ ብቻ። የምትሸጠው ራሷ ጠላፊዋ ስለሆነች የፈለጋችሁትን ጠይቋት፣ ሳትሰለች ታስረዳለች።

እኔ የገዛሁት ጥቁር ባና ላይ የተሠራውን ነው። ጥቁሩ የበጉ የራሱ ቀለም ነው፣ አልተነከረም። ከታች ግራጫ ክር ጥቅጥቅ ብሎ አግድም ተሰፍቷል፣ ወደ ላይ ሲወጣ እየሳሳ ይሄድና ባዶ ሊሆን ሲል ቢጫ ቋጠሮዎች ግጥም ብለው ይመጣሉ። ፊት ለፊት ቆማችሁ ብቻ አትለፉት፣ ከጎን እዩት። የጥጡ ክር ብርሃን ሲመልስ የበጉ ፀጉር ይውጠዋል፣ ስለዚህ ጠዋትና ማታ አንድ ዓይነት አይደለም። ባና ደግሞ ክሩ ትንሽ ከጠበቀ ይኮማተራል። ይሄኛው የትም ቦታ አልተኮማተረም፤ ጎበዝ እጅ ነው።

«ጥልፍ እንጂ ሥዕል አይደለም» ላለኝ ሰው መልሴ የሠዓሊው የኤልያስ ስሜ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በጣሊያኑ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ ሥራው የታየው ይህ ሠዓሊ ዛሬ በኤሌክትሪክ ሽቦና በኮምፒውተር ቁርጥራጭ ይታወቅ እንጂ ሸራ ላይ በመርፌና በክር ብዙ ሠርቷል። ክር ለማስዋቢያ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ዋጋው ጠንከር ይላል፣ 7,000 ብር ከፍያለሁ፣ ልፋቱን ሳይ ግን አልቆጨኝም። የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር የበዛባቸውን አልወደድኳቸውም፣ ዓይን ያደክማሉ። መስቀያም አብሮ አይሰጥም። ባና ከባድ ስለሆነ በሁለት ምስማር ብቻ ከሰቀላችሁት መሃሉ ይረግባል፣ ከኋላው ከላይ በኩል ጨርቅ አሰፍታችሁ ዱላ አስገቡበት። መስታወት ውስጥ አታስገቡት፣ ያ ሁሉ የክር ከፍታና ዝቅታ ይጠፋል። ብል እንዳይገባው አልፎ አልፎ አራግፉት፣ ጥላ ውስጥ አናፍሱት፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ቀለሙ ይለቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት በር ላይ አውጥታችሁ እዩት፣ የሱቋ አምፖል ቢጫውን ቀይ ያስመስለዋል።